ከእግራችን በታች ያለው ጊንጥ

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። እኔ በዚያ ዓመት ሑዳዴን የጾምኩት ቂሜን ይዤ ነው። ሥጋና ወተት ባፌ አልዞረም፤ የአንድን ሰው ውርደት ግን ጧትና ማታ እንደ ቆሎ ስቆረጥም ከረምኩ። ይህን የምጽፈው ንስሐ ለመግባት አይደለም፤ ለዚያ ካህን አለ። ነገሩ አንድ ጊዜ እንኳ ከእኔ አፍ እንዲሰማ ብዬ ነው። ከሌላ ሰው አፍ የተሰማው ይበቃል።

ወደ ሰቆጣ የሄድኩት ከጎጃም ተመድቤ ነው። ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ አቅጣጫ የጠፋኝ ግን እዚያ ነው። ያደግሁበት አገር ሜዳ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣም ስትጠልቅም ከጥግ እስከ ጥግ ትታያለች። ሰቆጣ ደግሞ በሸንተረር ተከብባ የተቀመጠች ከተማ ናት። ጀንበር ዘግይታ ከተራራ ጀርባ ብቅ ትላለች፣ ቀድማ ከተራራ ጀርባ ትሸሸጋለች። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የእናቴ ቤት በየት በኩል እንደሆነ እንኳ መለየት አቅቶኝ፣ ሆድ ሲብሰኝ ወዴት ዞሬ እንደምተክዝ አላውቅም ነበር።

የሰማይ ካርታ የሚያሳየውን አፕ ስልኬ ላይ የጫነልኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። አንዴ ከተጫነ ኔትወርክ አይፈልግም፤ ኔትወርክ በሚጠፋባት ሰቆጣ ለምኖረው ለእኔ ከዚህ የበለጠ ስጦታ አልነበረም። ስልኩን ወደ ሰማይ ሲያነሱት ፊት ለፊት ያለውን ኮከብ ከነስሙ ያሳያል። ዝቅ ሲያደርጉት የአድማሱ መስመር ይመጣል፤ ሰሜኑም ምሥራቁም ተጽፎበታል። ወደ መሬት ሲያዞሩት ደግሞ ገና ያልወጡትንና የጠለቁትን፣ ከምድር ወዲያ ማዶ ያሉትን ከዋክብት ሁሉ ይዘረግፋል። ለእሱ ቀንና ሌሊት አንድ ነው። በተከራየሁበት ግቢ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ደቡብ ምዕራብን ፈልጌ፣ እናቴ ከዚያኛው ሸንተረር ወዲያ እንዳለች ባወቅሁ ቀን አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ሰማይ ማየት ልማድ ሆነብኝ።

አፑ አንድ አመል አለው። ከብረት በር ወይም ከቆርቆሮ ግድግዳ አጠገብ ከቆሙ ኮምፓሱ ይዛባና ሰሜንን ወደ ምሥራቅ ይወስደዋል። ያን ጊዜ ማስተካከያው ስልኩን በእጅ ይዞ በአየር ላይ ስምንት ቁጥርን ደጋግሞ መጻፍ ነው። ብርሃኑ ዓይን እንዳይወጋም ስክሪኑን ቀይ ማድረግ ይቻላል። እንግዲህ አስቡት። ከሌላ አገር የመጣች ላጤ ሴት፣ ጀንበር ስትጠልቅ ግቢ መሃል ቆማ፣ ፊቷ ቀይ መብራት ለብሶ፣ በእጇ አየር ላይ አንድ ነገር እየደጋገመች ትጽፋለች። ራሴን በአጥር ቀዳዳ ባየው እኔም እሸሽ ነበር።

አከራዬ ግን አልሸሹም። ባልቴት ናቸው፤ ከጎረቤት ጋር በኽምጣኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ያወራሉ። ሲመሽ ወጣ ብለው ከአጠገቤ ይቆሙና «ሰባቱ ወጥተዋል?» ይሉኛል። ሰባቱ የሚሏቸው ተሰብስበው የሚታዩትን ትንንሽ ከዋክብት ነው። ስልኬን ሳይጠብቁ በጣታቸው ያሳዩኛል፤ ሁልጊዜም ልክ ናቸው።

ጠቡ የተነሣው ጥር ውስጥ ነው፤ ጥምቀት እንዳለፈ። በትምህርት ቤቱ የከዋክብት ክበብ አቋቁሜ፣ ዓርብ ዓርብ ከመሸ በኋላ ተማሪዎች ሜዳው ላይ እሰበስብ ነበር። አንድ ዓርብ የፊዚክሱ መምህር ሊያግዘን መጣ። ከጽጽቃ በኩል የተወለደ፣ ልብስ የሚያምርበት፣ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ነው። ተማሪ ይወደዋል። ከሰሜኑ ሸንተረር ከፍ ብሎ የሚያበራውን ኮከብ አሳየና የሰሜን ኮከብ ይሄ ነው፣ ከቦታው አይነቃነቅም፣ መንገደኛ ሁሉ በእሱ ይመራል ብሎ አስተማረ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስሕተት ነው። የእኛ ምድር ለምድር ወገብ ስለሚቀርብ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ የሚነሣው ስንዝር ያህል ብቻ ነው። ሰቆጣ ላይ ያንን ስንዝር ሸንተረሩ ይሸፍነዋል። እዚያ ሜዳ ላይ ቆሞ የሰሜን ኮከብን ያየ ሰው የለም፤ ስለዚህ በሰሜን በኩል የደመቀውን ሁሉ ስሙን ይሰጡታል።

ጆሮው ሥር ሄጄ ማንሾካሾክ እችል ነበር። አላደረግሁትም። አንድ ተማሪ ከባንዲራው እንጨት ኋላ አቆምኩና ኮከቡን በእንጨቱ ጫፍ ላይ አስተካክሎ እንዲይዘው ነገርኩት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ልጁ ኮከቡ ከእንጨቱ ሸሽቷል አለ። ያን ጊዜ ስልኬን አነሣሁ፤ ካፔላ የሚል ስም መጣ። ዝቅ አደረግሁት፤ የሰሜን ኮከብ ስሙ ሸንተረሩ ሆድ ውስጥ፣ ቋጥኙ ላይ ተጽፎ ታየ። ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እሱም ከእኛ ጋር ለመሳቅ ሞከረ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔ ሰኞ ላይ ረስቼዋለሁ። እሱ ግን መምህራን ማረፊያ ውስጥ «እስቲ የኔንም ኮከብ ቁጠሪልኝ» እያለ በቀልድ ጀመረ። ቀልዱ ወደ ተማሪ፣ ከተማሪ ወደ ወላጅ ሄደ። ቀጥሎ ለርዕሰ መምህሩ ፈርሞ አመለከተ፤ መምህርቷ ልጆች በጨለማ ሰብስባ ከዋክብት ታሳያለች፣ በአየር ላይ ምልክት ትጽፋለች፣ በቀይ መብራት ትሠራለች ይላል። ወረቀቱን አንብቤዋለሁ። ያየውን ነው የጻፈው። የጨመረው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ኮከብ ቆጣሪ።

ክበቡ ተዘጋ። አከራዬ አንድ ጧት ደጄ ላይ ቆመው መሬት መሬት እያዩ፣ እሳቸው ክፉ እንዳላዩብኝ፣ ነገር ግን ሰው ምን ይለኛል ብለው እንደተቸገሩ ነገሩኝ። አልቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። በሳምንቱ ዕቃዬን ጭኜ ከገበያው ማዶ ሌላ ክፍል ገባሁ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሴቶቹ አጠገቤ ያለውን ቦታ ሰፋ አድርገው ይተዉልኝ ጀመር። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የኔ ስም ግን መቃብር ሳይጠብቅ በዐሥራ አምስት ቀን አለቀ።

ከሚሸሹኝ ይልቅ የሚመጡት ባሱብኝ። ኮከብ የሚቆጠረው በስም ነው፤ የሰውዬውና የእናቱ ስም በፊደል ቁጥር ይደመርና በዐሥራ ሁለት በዐሥራ ሁለት እየተቀነሰ ይገደፋል፤ የተረፈው ቁጥር ከዐሥራ ሁለቱ ኮከቦች አንዱን ያመለክታል፤ ሐመል ነው፣ ሠውር ነው፣ ገውዝ ነው ይባላል። ስለዚህ ሰዎች አዲሱ ደጄ ላይ እየቆሙ ዝቅ ባለ ድምፅ የእናታቸውን ስም ይነግሩኛል። የጠፋ በሬ ያለው መጣ፤ ልጅ ያልወለደች መጣች። ስልኬ የማንንም እናት አያውቅም እያልኩ አንድ በአንድ መለስኳቸው። በመለስኩ ቁጥር ያ ሰው ፊቴ ላይ ድቅን ይልብኝ ነበር። የት እንደማገኘው አላውቅም እንጂ እንደማገኘው አውቅ ነበር።

መጋቢት ገብቶ አንድ ቅዳሜ፣ ገና በስምንት ሰዓት ፀሐይ፣ አንዲት እናት መጡ። ነጠላቸው በመንገድ አቧራ ቀልቷል፤ በእጃቸው ትንሽ የማር ዕቃ ይዘዋል። ከጽጽቃ በጭነት መኪና ነው የመጡት። ውኃ ሰጥቼ እንደ ሌሎቹ ልመልሳቸው ስል ወሬያቸውን ጀመሩ። ልጃቸው እዚሁ ከተማ መምህር ነው፤ ፊዚክስ ነው የሚያስተምረው። ፋሲካ ሲያልፍ ሊያገባ ነው። ልጅቷ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትሠራለች፤ ጨዋ ናት ይሏታል። እሳቸው ግን ኮከቡ ሳይታይ የተደገሠ ሠርግ አያውቁም፤ የሰፈራቸው ደብተራ ደግሞ ባለፈው ክረምት ዐርፏል።

እኔ ዘንድ ማን እንደላካቸው ጠየቅኋቸው።

«ማንም አልላከኝ፤ ልጄ ነው ያወራው» አሉ። «ቤት መጥቶ ሳለ፣ ሰቆጣ በስልክ ኮከብ የምትቆጥር ሴት አለች ሲል ሰማሁት። እሱስ እየሳቀ ነው የነገረን። እኔ ግን አልሳቅሁም።»

በውስጤ የሆነውን አልደብቅም። ደስ አለኝ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ደስ ብሎኝ እንደሆነ እንጃ። የገዛ ውሸቱ አገር ለአገር ዞሮ፣ እናቱን በእጇ ይዞ፣ ደጄ ድረስ አመጣልኝ። እንዴት አድርጌ እመልሳቸዋለሁ?

አራቱን ስም ነገሩኝ፤ የልጃቸውን፣ የራሳቸውን፣ የልጅቷን፣ የእናቷን። ወረቀት ላይ ቁጥር ሞነጫጨርኩ። መደመር አውቃለሁ፣ መግደፍ ግን አላውቅም፤ ዓይናቸው እጄ ላይ ስለነበረ ብቻ ጻፍኩ። ከዚያ ግቢ ይዣቸው ወጣሁና ስልኩን አነሣሁ። ኮምፓሱ ተዛብቶ ነበርና ስምንት ቁጥሬን በአየር ላይ ጻፍኩ። እናትየው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሹ።

ልጅዎ ሚዛን ነው አልኳቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የእሷን እንፈልግ ብዬ ስልኩን ወደ ምዕራብ አዞርኩና ወደ መሬት ዝቅ አደረግሁት። በዚያ ወር፣ በዚያ ሰዓት፣ አቅራብ፣ ማለት ጊንጡ፣ ጠልቆ ከአድማስ በታች ነው የሚሆነው፤ ይህን አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው። በላያችን ፀሐይ እየነደደች ስልኬ ውስጥ ድቅድቅ ጨለማና ከዋክብት ወጡ። አፑ በከዋክብቱ ላይ ሥዕላቸውንም ይሥላል። ጊንጡ ጅራቱን ቆልምሞ፣ ጉጠቱን ወደ ሚዛኑ ዘርግቶ፣ ልክ እግራችን ሥር ታየ። እናትየው ጎንበስ ብለው አዩት።

«እናቴ፣ ይኸውልዎ» አልኩ። «አቅራብ ናት። አሁን ከመሬት በታች ናት፤ ፊቷን ወደ ልጅዎ አዙራለች።»

አይገጥምም አላልኩም። ማለት አላስፈለገኝም። አማተቡ። እኔም እንደ ልጃቸው ያየሁትን ብቻ ነበር የተናገርኩት፤ ጊንጡ እውነትም ከእግራችን በታች ነበር። ማሩን ሊሰጡኝ ሲሉ አልቀበልም አልኩ። ይህን ያደረግሁት ሕሊናዬ ቆንጥጦኝ ነው፤ እሳቸው ግን ዋጋ የማትቀበል ሴት አትዋሽም ብለው የበለጠ አመኑኝ። ሲወጡ እጄን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። እጄን ሸሸግሁ።

ሦስት ሳምንት አልሞላም፣ ልጃቸው መጣ። ያ ሁልጊዜ የሚሽቀረቀር ሰው ጺሙን ሳይላጭ በሬ ላይ ቆመ። እናቱ ያቺን ልጅ ካገባህ እረግምሃለሁ ብለውታል። ሽማግሌዎቹም እንዳይሄዱ ከልክለዋል። ነገሩን ሁሉ የፈጠርኩት እኔ ነኝ ብሎ ምሎ ነግሯቸዋል፤ እሳቸው ግን በዓይኔ ያየሁትን ጊንጥ አንተ ፈጠርከው ወይ ብለው መልሰውለታል። አሁን የቀረው እኔ ጽጽቃ ወርጄ ሐሰት ነው እንድላቸው ነው። ይህን እየደጋገመ ለመነኝ። አልገባም እንዲል እንኳ አልጋበዝኩትም፤ ደጅ ላይ አቁሜ ሰማሁት።

«ኮከብ ቆጣሪ ናት ብለህ ፈርመሃል» አልኩት። «ያልከኝን ሆኜ ጠበቅሁህ።»

«ልጅቷ ምን አደረገች?» አለኝ።

«እኔስ ምን አድርጌ ነበር?»

ፊቱን እያየሁ በሩን ዘጋሁ። ያን ቀን ማታ ስልኬን ሳልነካ፣ ሰማይ ሳላይ ተኛሁ፤ ሰቆጣ ከገባሁ እንደዚያ እንቅልፍ የወሰደኝ ቀን የለም። በማግሥቱ ትምህርት ቤት አንገቱን ደፍቶ በኮሪደሩ ሲያልፍ ሰላምታ ሰጠሁት። በየቀኑ ሰላምታ ሰጠሁት። ሰላምታዬ እንደሚያቆስለው ስላወቅሁ አንድ ቀን አላጓደልኩም።

ጽጽቃ ሩቅ አይደለም። በጠዋት ጭነት መኪና ላይ የወጣ ሰው ፀሐይ ሳትበረታ ይደርሳል። ከዚያ ወዲህ ስንት ቅዳሜ እንዳለፈ አውቃለሁ፤ በየቅዳሜው ልብሴን አጥቤ፣ የተማሪ ፈተና አርሜ፣ ነገ እሄዳለሁ እንኳ ሳልል ቀረሁ። ፋሲካም አለፈ። የድሮዋ አከራዬ ወሬው ደርሷቸው ኖሮ ገበያ ላይ አገኙኝና እጄን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«ልጄ፣ ጉድጓድ ስትቆፍሪ አታርቂው» አሉኝ። «ማን እንደሚገባበት አይታወቅም።»

የሚገባበት ታውቋል፣ እሱ ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። እኔም ተናደድኩባቸው፤ ከቤታቸው ያስወጡኝ እሳቸው አይደሉም ወይ?

ግንቦት ላይ ሠርጉ እንደቀረ ተረጋገጠ። የልጅቷ ወንድሞች ተዋረድን ብለው የቃል ኪዳን ቀለበቱን መለሱ። የፊዚክሱ መምህርም ዝውውር ጠየቀ፤ ማመልከቻውን ሲጽፍ በመስኮት አየሁት። ደስታዬ እንደ ፊተኛው ባይሆንም ደስታ ነበር። ሰው ተበቅሎ ሲጨርስ ምን እንደሚሠራ ማንም አላስተማረኝም፤ እኔም ወደ ሰማይ ማየቴ ተመለስኩ።

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን፣ ገና ጀንበር ስትጠልቅ፣ በሩ ተንኳኳ። ከፍቼ ሳያት አወቅኋት። ክረምት ላይ ታምሜ ጤና ጣቢያ በሄድኩ ጊዜ የጠፋ ካርዴን ከሣጥን ሣጥን እያገላበጠች ፈልጋ ያገኘችልኝ የካርድ ክፍሏ ልጅ ናት። ያን ጊዜ ሌላው ሠራተኛ ነገ ተመለሺ ብሎኝ ነበር፤ እሷ ናት የምሳ ሰዓቷን ትታ የፈለገችልኝ። እሷ እንደሆነች፣ እናትየው የጠሩት ስም የእሷ እንደሆነ፣ አንድም ቀን አላሰብኩም። ካርድ ክፍል የሚለውን ሰምቼ እንኳ ፊቷ አልመጣልኝም ነበር፤ ሳስብ የነበረው የሱን ፊት ብቻ ነው።

ልትሰድበኝ መስሎኝ ተዘጋጀሁ። ለስድቡ መልስ ነበረኝ። እሷ ግን ነጠላዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ ስሟንና የእናቷን ስም ነገረችኝ። አቅራብ መሆኗን እንደሰማች፣ ሰው እንዳይጎዳባት እንደፈራች፣ ከእንግዲህ ከማን ጋር ብትሆን እንደማትጎዳው ኮከቧን እንድቆጥርላት እንደመጣች ነገረችኝ። ጤና ጣቢያ የምትሠራ፣ ትምህርት የጨረሰች ልጅ ናት። እንዲህ ስትል አልቀለደችም።

ገብታ እንድትቀመጥ አደረግሁ። እውነቱንም ነገርኳት፤ ሐሰት ነው፣ እሱን ለማዋረድ የፈጠርኩት ነው፣ አንቺን አላየሁሽም፣ ኮከብሽን አልቆጠርኩም፣ መቁጠርም አልችልም አልኳት። አላመነችኝም። ስልኩን ሰጠኋት፤ እያንዳንዱን ገጽ ከፈትኩላት፤ የእናት ስም የሚጻፍበት ቦታ እንደሌለ አሳየኋት። ራሷ ስልኩን ወደ ምሥራቅ አዞረችው። ግንቦት ላይ አቅራብ ማታ ነው የሚወጣው። ጊንጡ በኮረብታው ጫፍ ብቅ ሲል ጣቷን ጅራቱ ላይ አሳረፈች።

«አለ እኮ» አለች።

ኮከቦች ናቸው፣ ሥዕሉን ሰው ነው የሠራው፣ ካንቺ ጋር ምንም አያገናኘውም አልኳት። ስላዘንኩላት የደበቅኋት መሰላት። ሦስት ጊዜ ማልኩላት። ስልኩን መለሰችልኝና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ።

«እሱም ሐሰት ነው አለኝ» አለች። «እርስዎም ሐሰት ነው ይላሉ። ሁለታችሁም ሐሰት መሆኑን ካወቃችሁ፣ እኔ ለምን ቆሜ ቀረሁ?»

በእሱ ላይ ዛሬም ቂም አለኝ፤ ነገ ቢመጣ የምለውን አውቃለሁ። ለእሷ ግን የምለው ጠፋኝ፤ ነጠላዋን አስተካክላ ደኅና ይደሩ ብላ እስክትወጣ ጠፋኝ፤ እስከ ዛሬም አልመጣልኝም።